ሁለት ጣት ትርፍ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰፍቻለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቁጡ ነበሩ፤ የተጣመመ ስፌት ካዩ ጨርቁን ፊቴ ላይ ይወረውሩት ነበር። ብዙ ነገራቸውን ረስቻለሁ፤ አንዷን ግን አልረሳሁም፦ "ለልጅ ስትሰፋ ሁለት ጣት ጨምር። ትርፉንም ከውስጥ እጠፈው እንጂ እንዳትቆርጠው። ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም።"

እናቶችም ገና በሩን ሳያልፉ የሚሉኝ እሱኑ ነው። "ሰፋ አድርገው፣ እንድታድግበት።" እኔም "ለትምህርት ቤት ነው ወይስ ለሠርጓ?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ጨምሬ እሰፋለሁ። ልጆቹም እጅጌያቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ፣ ከዓመት በኋላ ልክ ይሆንላቸዋል።

ይህን ያስቀደምኩት ጥፋቴ እዚህች ሁለት ጣት ውስጥ ስላለች ነው። ሁለተኛው ጥፋቴ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ገመድ ነበር።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ፌንጣ እላታለሁ። የስፌት ክፍሌና ቤታችን የሚለያዩት በአንድ በር ስለሆነ ውሎዋ እኔ ጋ ነበር፤ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች፣ በቀለም በቀለም ትደረድራለች። እኔ ደግሞ ሻይ ካልጠጣሁ ዓይኔ አይገለጥም። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያዬ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ነበር፣ ገመዱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ። ሚስቴ ስንት ጊዜ "ኧረ ይህን ገመድ ሰብስበው" ብላኛለች። "እሺ" እላታለሁ። የኔ እሺ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንደሆነ ሚስቴ ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ታውቃለች።

ውሃው ፈልቶ ማፍያው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ፌንጣ ከጠረጴዛው ሥር ልትነሳ ስትል የሚያዝ ነገር ፈለገች፤ ያገኘችው ገመዱን ነው። ውሃው በቀኝ ትከሻዋ ገብቶ፣ ብብቷን ይዞ፣ እስከ እጅ አንጓዋ ወረደ። የሱፍ ሹራብ ለብሳ ነበር። እኔ ራሴ የሠራሁላት፣ ሰፋ ያለ ሹራብ። ሱፍ ሙቅ ውሃ ይይዛል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ማውለቁ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ጩኸቱን ሰምተው የጥርስ ሳሙና ይዘው ሮጠው መጡ። "ቀባው፣ ቀባው፣ ያበርደዋል!" ቀባሁት። በጥሩ ልብ ነው የመጡት፣ እሳቸውን አልወቅስም። እኔስ ጨርቅ እንጂ ሥጋ መች አውቃለሁ?

ሆስፒታል ያሉት ነርስ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናቸው፤ ሁሉም ሲስተር ይላቸዋል። ያንን ሳሙና ከልጄ ክንድ ላይ እያጠቡ ሲያነሱ ፌንጣ የጮኸችውን አልናገረውም። ሲስተር ቀና ሳይሉ "ይህን የቀባው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"በሚቀጥለው ልብሱን ቶሎ ያወልቃሉ፣ ቧንቧ ሥር ሃያ ደቂቃ ይይዟታል። የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በረዶ አይደለም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይዘዋት ይመጣሉ። ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው።" ቁጣ የለበትም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚናገሩ ነው የሚመስለው። ለስንት ሰው ብለውት ይሆን?

"በሚቀጥለው" ያሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ደነዘዝኩ። አላለቀስኩም፣ ምግብም አልዘጋኝም፣ እንቅልፍም አልነሳኝም። ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ክንዷ ላይ ተለጠፈ ሲሉኝ "የትኛው ጭን?" ብዬ ጠየቅኩ፣ ስለ ጨርቅ እንደማወራ። ዘመድ ሁሉ "እንዴት ቻልከው፣ ጀግና ነህ" ይለኛል። ምኑን ቻልኩት? አልተሰማኝም እንጂ። አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ አውራ ጣቴን ወግቶ ሲወጣ ያወቅኩት ነጭ ጨርቅ ላይ ደም ሳይ ነው።

ሚስቴ አውቶቡስ ተራ ትኬት ትቆርጣለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ከሥራዋ በቀጥታ ሆስፒታል ትገባ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ነግሬህ ነበር" አላለችኝም። ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ገመዱን ጠቅልላ፣ ማፍያውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ስለ ቅባትና ስለ ቀጠሮ ብቻ ሆነ።

ቁስሉ ሲደርቅ ወደ ፊዚዮዋ መሩን። ፊዚዮዋ የተቃጠሉ ልጆችን እጅና እግር የምታፍታታ ወጣት ሐኪም ናት። ክፍሏ ግድግዳ ላይ ከታች ወደ ላይ የወረቀት ቢራቢሮዎች ተለጥፈዋል፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ከሁሉም በላይ ቀይ። ልጆቹ በተቃጠለው እጃቸው እየተንጠራሩ ይነካሉ። ፌንጣ የመጀመሪያ ቀን ቢጫዋን ነካች።

"ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ገና መጀመሩ ነው" አለች ፊዚዮዋ። "ከተለቀቀ ይወፍራል፣ ይጓጎላል፣ ብብቷን ሰብስቦ ክንዷን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለዚህ እንጫነዋለን። በጣም ጠባብ ልብስ ትለብሳለች፤ በቀን ሃያ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። የምታወልቀው ስትታጠብና በቅባት ስትታሽ ብቻ ነው።" ይህን ልብስ የምትሰፋላቸው ሴት ሌላ ከተማ ሄዳ ልጆች ተራ እየጠበቁ እንደሆነም ነገረችን። ከዚያ እጅጌዬ ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት አየችና "ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድነው?" አለችኝ።

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አስተማረችኝ። የሚለጠጠውን ጨርቅ ሆስፒታሉ ይሰጣል። ክንዱ በየሦስት ጣት ርቀት ይለካል፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ልክ ይቀነሳል፤ ከአሥር ሴንቲ ላይ አንድ ተኩል። "ይቀነሳል?" አልኳት። "ይቀነሳል፣ ጋሼ።" ሌላም አለ፦ "ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ አይተውም። ይሻክራቸዋል። ከስፌቱ ጥግ ይቁረጡት።" ሲያልቅ በጣቷ ትሞክራለች፤ ጣቷ በጨርቁና በገላው መሃል እንደልቡ ከገባ ልብሱ ይመለሳል።

ዕድሜዬን ሙሉ የጨመርኩ ሰው መቀነስ ጀመርኩ። ለፌንጣ ሰፋሁ፣ ከዚያ ለሌሎቹም። እስካሁን አሥራ ሰባት ልጅ ደርሰዋል። አንዱ የሾርባ ድስት እጀታ ስቦ ነው። አንዷ እናቷ ሙቁን ውሃ አስቀድማ ገንዳ ውስጥ ገልብጣ ቀዝቃዛውን ልታመጣ ስትሄድ ገብታበት ነው። አንዱ ሻማ፣ አንዱ ካውያ። ሁሉም እናት አባታቸው በሦስት እርምጃ ርቀት ሆነው ነው የተቃጠሉት።

እኔም ለሰው የማልመች ሆንኩ። ሰው ቤት ስገባ ሰላምታ ሳልጨርስ ዓይኔ ምድጃው ላይ ነው። የድስት እጀታ ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ክብሪት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጣለሁ። ሰፈሩ "ገመድ ሰብሳቢው መጣ" ይለኝ ጀመር። ይበሉኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ከተቃጠለ በኋላ ቅጠል ይዤ የምዞር ሰው ነኝ።

ልብሱን ሲለብሱ ሁሉም ያለቅሳሉ። አባቷ ሹፌር የሆነ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለች፣ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ወላቃዋ የምላት፤ እንደ ፌንጣ ብብቷና ክንዷ ነው። መጀመሪያ ቀን እግሬን ረገጠችኝ፣ ነከሰችኝም፣ ያውም በሌለ ጥርሷ። አባቷ "ትንሽ ላላ ቢልላት፣ ጋሼ" ብሎ ለመነኝ። "አይሆንም!" ብዬ ጮህኩበት። ዚፑን ስዘጋው ምንም አልተሰማኝም። ፊዚዮዋ "ጎበዝ፣ እንደዚህ ነው" አለችኝ።

ፌንጣ ግን አላለቀሰችም። ያ ነው የጎዳኝ። አልብሰናት ቤት ከገባን በኋላ፣ እናቷ ሥራ ስትሄድ፣ መኪናው አጠገብ መጥታ ቆመች። "አባዬ፣ ልብሱ ይነክሰኛል" አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው። "አንተ እኮ ሰፋ አርገህ መስፋት ትችላለህ።"

አንጀቴን በላችው። ከስንት ወር በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ስለነበር አመንኩት። የሚሰማኝ ነገር ሁሉ እውነት መሰለኝ።

የሌሎቹን ልጆች ትርፍ ጨርቅ ከጥጉ ቆርጫለሁ። የሷን አልቆረጥኩትም ነበር። ተንኮል አልነበረውም፤ መቀሱን ይዤ እጄ አልሄድልህ አለኝ፣ ለልጄ ነዋ፣ ታድጋለቻ። ስለዚህ ትርፉ እዚያው ከውስጥ ታጥፎ ይጠብቀኝ ነበር። ስፌቱን ፈታሁና ሁለት ጣት ለቀቅኩላት። አቀፈችኝ። ቤቱ ውስጥ ከኔ ጋር የሚያወራ ሰው አገኘሁ።

"ለእማዬ አንነግራትም፣ እሺ?" አልኳት።

"እሺ" አለች። እሺ ማለትን እንኳ ከኔ ነው የተማረችው፤ የሷ ግን የምር ነበር።

ማታ ማታ ቅባት የምታሻትና መልሳ የምታለብሳት ሚስቴ ናት። በሁለተኛው ቀን "ዛሬ ቀለለኝ እኮ፣ ላልቷል እንዴ?" አለችኝ። "ጨርቅ ገላ ይለምዳል" አልኳት። ሙያዬ ስለሆነ አመነችኝ። አንድ ሰዓት እንዳያልፍ ሰዓቷን አጠገቧ አስቀምጣ ታሻታለች፣ ስልሳ ደቂቃ ሳይሞላ ዚፑን ትዘጋለች። ያንን የላላ ጨርቅ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። በየወሩ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ፣ ጠዋት ሚስቴ ሳትነሳ፣ የለቀቅኩትን በእጅ ስፌት ከውስጥ ሰብሰብ አደርገዋለሁ። ፊዚዮዋ ጣቷን ትሞክራለች፤ አይገባም። "እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ" ትለኛለች። ቤት ስንመለስ ክሩን መዝዤ አወጣዋለሁ። የክሩ ቀለም ከጨርቁ ጋር አንድ ነው። ጥሩ ሙያተኛ ነኝ፤ ይህን ማንም አይክደኝም።

ሁለተኛው ወር ላይ ፌንጣ ቢጫዋን ለመንካት በእግር ጣቷ ቆመች። ፊዚዮዋ መዝገቧ ላይ ጻፈች። ሦስተኛው ወር ላይ ነጯ ላይ ቀረች።

ፊዚዮዋ ልብሱን አወለቀችው። ጠባሳው ወይን ጠጅ መስሏል፣ ከብብቷ እስከ ክርኗ እንደ ገመድ ወፍሮ ተወጥሯል። ገመድ አልኩ እንጂ እሷ ሌላ ነገር ነው ያለችው፤ ለኔ ግን ሌላ ነገር መምሰል አልቻለልኝም። ፊዚዮዋ መልሳ አለበሰቻትና ጣቷን ሞከረች፤ አልገባም። ግራ ገባት። የዚያን ቀን ወላቃዋም ተራዋን ጠብቃ በሩ ላይ ከአባቷ ጋር ቆማ ነበር።

"ነይ እስቲ፣ አሳዪኝ" አለቻት ፊዚዮዋ።

ወላቃዋ ሮጣ መጥታ እጇን አነሳች። ቀይዋን ቢራቢሮ በመዳፏ ጠፍ አደረገቻትና ወደኔ ዞራ በድዷ ሳቀች። ጠባሳዋ ጠፍጣፋ ነው፣ ለስላሳ፣ ፈዘዝ ያለ። የኔን ስፌት ነው የለበሰችው። አባቷ "እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ" አለኝ።

እነሱ ሲወጡ ፊዚዮዋ በሩን ዘጋችና ወንበሯን ሚስቴ አጠገብ አመጣች። "ሁለቱ ልጆች የተቃጠሉት በአንድ ወር ነው። የሰፋላቸው አንድ ሰው ነው። ልብሱን አሁን አይቼዋለሁ፣ ምንም አይወጣለትም። እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ታወልቂላታለሽ፣ አይደል? አልቆጣሽም። ስንቷ እናት አንጀቷ አልችል ብሏት ታደርገዋለች።"

ሚስቴ ክው አለች። "እኔ? እኔ አንድም ቀን..."

"በዚህ ከቀጠለ ብብቷ በኦፕራሲዮን ይከፈታል። እንደገና ከጭኗ ቆዳ ይወሰዳል። ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ።"

ሚስቴ እጆቿን አየቻቸው። "ምናልባት... ሳሻት እቆይ ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። "ሰዓቱን አያለሁ፤ ግን ሥራ ውዬ ስመጣ ይደክመኛል፣ እንቅልፍም ሸለብ ያደርገኛል። ሳላውቀው አልፎ ይሆናል። ጥፋቱ የኔ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ይቅርታ ጠየቀች። ገመዱን ሰብስበው ያለችኝ ሴት፣ ነግሬህ ነበር ያላለችኝ ሴት፣ እኔ ፊት ቁጭ ብላ ያላደረገችውን ይቅርታ ጠየቀች። ፌንጣ እኔን አየችኝ። ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ዘግታለች። ምስጢራችንን እየጠበቀች ነበር። እናቷ ስታለቅስ እያየች፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቃሏን ጠብቃ ዝም።

እጄ ሄደ። ከሸሚዜ ኪስ ትንሿን መቀስ አወጣሁና ፌንጣ እግር ሥር ተንበረከክኩ። ከጎኗ ያለችውን የክር ጫፍ ቆርጬ ሳብኩት። ክሩ ከብብቷ እስከ አንጓዋ ሳይበጠስ ወጣ፤ ጨርቁም ሁለት ጣት ተለቀቀ። ፊዚዮዋ እጇን ዘረጋችና በጨርቁና በልጄ ገላ መሃል አስገባችው። ጣቷን አይደለም፣ መዳፏን።

"የሌሎቹስ?" አለች፤ ድምጿ ተለውጧል። "ለአሥራ ሰባት ልጅ ሰፍተዋል። የስንቱን እንዲህ አደረጉት?"

"የሌላ የማንንም። የሌሎቹን አጥብቄያለሁ። የሷን ብቻ ነው።"

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። የሰውን ልጅ ሁሉ እያስለቀስኩ አድኜ፣ የራሴን እያባበልኩ አጥፍቻታለሁ። ምነው እጄን በቆረጠው! ያኔ ተሰማኝ፤ መርፌው፣ ሳሙናው፣ ሹራቡ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ፣ ወለሉ ላይ እንደተንበረከክኩ መነሳት አቃተኝ።

ሚስቴ አልጮኸችም። ፊቷን ጠረገች። "ገመዱን ሰብስበው ስልህ እሺ አልከኝ" አለች። "ጨርቁ ገላ ይለምዳል ስትለኝ ደግሞ እኔ እሺ አልኩህ።" "ከዛሬ ጀምሮ የምታለብሳት አንተ ነህ። ጠዋትም ማታም። ስታለቅስ እኔ እጇን አልይዝልህም።"

ፊዚዮዋ ሜትሩን አቀበለችኝ። "ስድስት ሳምንት እንሞክር። ከዚያ ካልተመለሰ ኦፕራሲዮን ነው።" አሁንም እርስዎ ትለኛለች፤ ጋሼ ግን አላለችኝም። ስፌቱን የማርምባት መኪና እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ነበረች። ለካሁ፣ ቀነስኩ፣ ሰፋሁ። ከዚያ ትርፉን ጨርቅ ከጥጉ ቆረጥኩት። ወለሉ ላይ ወደቀ። ፌንጣ ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ ክንዷ አልደረሰላትም።

ሳለብሳት ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "አባዬ፣ ቤት ስንገባ ሰፋ ታደርግልኛለህ አይደል? ለማንም አልነገርኩም እኮ።"

"አላደርግም።"

ያኔ አለቀሰች። ልብሱን በለበሰችበት ጊዜ ሁሉ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ገፋችኝ፣ ረገጠችኝ፣ "አልወድህም!" አለችኝ። እናቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆማለች፣ አልመጣችም።

"እሺ" አልኳት። ዚፑን እስከ አንገቷ ዘጋሁት። ፊዚዮዋ ጣቷን ሞከረች፤ አልገባም።

ይኸው አራተኛ ሳምንታችን ነው። ጠዋትና ማታ አለብሳታለሁ፤ ጠዋትና ማታ ታለቅሳለች። ጠረጴዛው ሥር መምጣት ትታለች። ቁርጥራጩን እኔው እለቅማለሁ፣ በቀለም በቀለም እደረድረዋለሁ፣ ሳይነካ ይውላል። ትናንት ከቀጠሮ ይዣት ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ቤት ስንገባ ወደ ጓዳ ሮጣ፣ ለእናቷ ቢጫዋን እንደነካች ስትነግራት በበሩ በኩል ሰማሁ።